ከጠርዙ ያለፈው ደም ሥር

ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ሕፃኑ ያዞራል። እናት አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ሐኪሙ ፈገግ ይላል፣ ከበሩ ውጭ የቆሙት ዘመዶች እንኳ ድምፁን ሰምተው ይተቃቀፋሉ። በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል ፊቷን ወደ ሌላ አቅጣጫ የምታዞር አንዲት አዋላጅ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሰው የወጣውን እያየ ሲስቅ፣ እሷ ገና ያልወጣውን ትጠብቅ ነበር።

የሥራ ባልደረቦቿ እትዬ ሳህኔ ይሏታል። የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት በገዛ ጩኸቷ ነው። የእንግዴ ልጁ የሚቀመጥበትን ሰፊ የብረት ሳህን፣ እሷ ሳታየው ማንም ሊያነሳ እጁን ከዘረጋ፣ «ሳህኔን እንዳትነኩ!» የሚለው ድምፅ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። አዲስ የመጣ ሐኪም ይህችን ቁጣ በመጀመሪያው ሳምንት ካልቀመሰ፣ እንደተቀጠረ አይቆጠርም ነበር።

ስለ እንግዴ ልጅ ስትናገር ስለ አንድ የተበደለ ሠራተኛ የምትሟገት ይመስል ነበር። ሳንባ ነው፣ ጨጓራ ነው፣ ኩላሊት ነው፣ ዘበኛም ነው ትላለች። ሕፃኑ የራሱ ሳንባ ሥራ ሳይጀምር በእሱ ይተነፍሳል፣ አፉ ሳይከፈት በእሱ ይመገባል፣ ቆሻሻውን በእሱ ያስወጣል። የእናትየውና የልጁ ደም እዚያ ውስጥ ይቀራረባሉ እንጂ አይቀላቀሉም፤ አንድ ግድግዳ እንደሚጋሩ ሁለት ጎረቤቶች፣ ሳይተያዩ ይቀባበላሉ። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ላሰበው ደግሞ የባሰ ይገርማል። ከዋና ዋናዎቹ የሰውነት ክፍሎች መካከል፣ ሊጣል ተወስኖ የሚሠራው ይህ ብቻ ነው። የማን ነው ቢባልም መልሱ ቀላል አይደለም፤ የሚበቅለው ከልጁ ዘር ነው፣ የሚጣበቀው በእናትየው ሥጋ ላይ ነው፣ ሲለያዩ ግን ሁለቱም ትተውት ይሄዳሉ። ዘጠኝ ወር የሰው ነፍስ ተሸክሞ ቆይቶ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባልዲ ይገባል። በዚህ ዓለም ሳይመሰገን የሚያልፍ ብዙ ነው። እትዬ ሳህኔ ምስጋናውን አልጠየቀችለትም፤ ሳይታይ እንዳያልፍ ብቻ ነበር ድካሟ።

አያያዟን አይቶ የማይቀና አልነበረም። መጀመሪያ በእትብቱ ይዛ አንጠልጥላ ታነሳዋለች። ልጁ ቀድዶ በወጣበት ቀዳዳ እጇን ታስገባና፣ ሰው ካልሲ እንደሚፈትሽ፣ ልጁን ከቦ የኖረውን ስስ ከረጢት በጣቶቿ ትወጥረዋለች፤ ሌላ ቀዳዳ ካለ እዚህ ጋ ይታያል። ቀጥላ ከእናትየው ጋር ተጣብቆ የነበረውን ጥቁር ቀይ ፊት ወደ ላይ አድርጋ ሳህኑ ላይ ታነጥፍና፣ በሁለት መዳፏ ከግራና ከቀኝ ሰብሰብ ታደርገዋለች። ጉብታዎቹ እርስ በርስ ከገጠሙ የጎደለ የለም። በመጨረሻ ገልብጣ፣ በሚያብረቀርቀው በልጁ በኩል፣ ከእትብቱ ሥር የሚፈልቁትን ደም ሥሮች አንድ በአንድ ትከተላቸዋለች። ደም ሥር ሁሉ ጠርዝ ሳይደርስ ወደ ሥጋው መስጠም አለበት። ከጠርዙ አልፎ ወደ ስሱ ከረጢት የወጣ ካለ፣ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው ማለት ነው።

አልፎ አልፎ ከዋናው የእንግዴ ልጅ ፈንጠር ብሎ፣ እንደ ደሴት፣ ሌላ ትንሽ ቁራጭ ለብቻው ይበቅላል። ዋናው ሲወጣ እሱ ማህፀን ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ጠጠር የጨበጠ ሰው እጁን አጥብቆ መዝጋት እንደማይችለው፣ ማህፀንም ያን ቁራጭ ይዞ መጨበጥ ያቅተዋል። ያልተጨበጠ ማህፀን ይደማል። አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ሴትየዋ ቤቷ ገብታ እንግዳ እየተቀበለች ሳለ።

ይህን ሁሉ አይታ ስትጨርስ አንዲት ቃል ትናገራለች፤ «ሙሉ ነው።» ከጎኗ ያለችው አዋላጅ ትጽፋለች፣ እሷ ትፈርማለች። ከዚያ የእትብቱን ጫፍ በቁራጭ ፋሻ አስራ የአልጋውን ቁጥር ትጽፍበታለች፤ ይህ ማንም ያላዘዛት የራሷ ልማድ ነው። ወጣት ሳለች፣ ስም በሌላቸው ሦስት ባልዲዎች መሃል ቆማ፣ ወልዳ ደምታ የሞተች የአንዲት ሴት እንግዴ ልጅ የትኛው እንደሆነ መለየት ያቃታት ቀን ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ የበለጠ ተናግራ አታውቅም።

ዓይኗ መደብዘዝ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ የማዋለጃ ክፍሉ መስኮት የቆሸሸ መሰላትና ጽዳቶቹን በቁጣ አራወጠቻቸው። መስኮቱ ታጠበ፤ ጭጋጉ ግን እዚያው ነበር። ቤት ውስጥ ልጇ አንድ ቀን እግሯን ስታይ አንዱ ጫማ ጥቁር ሌላው ቡናማ ሆኖ አገኘችው። «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብትላት፣ ፋሽን ነው አለቻት። ልጅቷ አልሳቀችም። የዓይን ሞራ ነው፣ ዛሬ ዛሬ በሃያ ደቂቃ ነው የሚገፉት፣ እኔ ወረፋ አስይዝልሻለሁ አለች። እትዬ ሳህኔም እሺ አለች። እሺ ማለት ምንም አያስወጣም፤ አሥር ጊዜ እሺ አለች።

ስንቷን ሴት «አይዞሽ፣ ትንሽ ነገር ናት» ብላ ምላጭ ፊት ያስተኛች ሰው፣ የራሷ ዓይን ላይ ምላጭ ይምጣ ሲባል ወሬ ትቀይራለች። እውነቱ ግን ምላጩ ብቻ አልነበረም። ዓይኗን የሚያይ ሐኪም ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ «ከመቼ ጀምሮ?» የሚል ጥያቄ አለ። የፈራችው ያን ጥያቄ ነበር።

በዚህ መሃል ሥራውን ጣቶቿ ተረከቡ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ጣት ጉብታውን ከጉብታ ለይቶ ያውቃል፤ የእናትየውን በኩል ሲዳስስ የጎደለ የምስር ፍሬ የሚያህል እንኳ አያመልጠውም። እንዲያውም ለራሷ፣ ከዓይን ይሻላል ትል ነበር። ችግሩ በሌላው ፊት ነው። ስሱ ከረጢት በእርጥብ ጓንት ሲዳሰስ ምንም ነው፤ ውሃ የነካው ቀጭን ላስቲክ። እዚያ ላይ የተቀደደውንና ያልተቀደደውን፣ ደም ሥር ያለበትንና የሌለበትን፣ ማየት እንጂ መዳሰስ አይለይም። ይህን አሳምራ ታውቅ ነበር። ሰው የማያውቀውን ነገር ቢስት ወግ ነው፤ የሚያውቀውን ነገር እንዳላወቀ ሆኖ መኖር ግን ሌላ ሙያ ነው፣ ልምምድም ይጠይቃል። አሥራ አራት ወር ተለማመደችው። ከረጢቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ታደርጋለች፣ ነጭና ቀይ ጭጋግ ታያለች፣ «ሙሉ ነው» ትላለች።

ያን ቀን ጠዋት የመጣችው ልብስ ሰፊ ነበረች። ምጡ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለች ስለያዛት የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የገባችው። ሁለተኛ ልጇ ነው። በምጥና በምጥ መሃል ፋታ ስታገኝ ዓይኗ እትዬ ሳህኔ ሽርጥ ላይ አረፈ።

«ይሄን ሽርጥ ማን ነው የሰፋልዎት?»

«መንግሥት ነው፤ ምነው?»

«ኪሱ ተንጋዷል እኮ። ይሄን ለብሶ ሰው ማዋለድ ነውር ነው። ስነሳ እኔ አስተካክልልዎታለሁ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ የእንግዴ ልጁ በአሥር ደቂቃ ወጣ። ሌሎች ሁለት ሴቶች እያቃሰቱ ነበር። እትዬ ሳህኔ ዳሰሰች፣ ሰበሰበች፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገች። «ሙሉ ነው» አለች። ከጎኗ የነበረችው አዋላጅ ጻፈች። ይህችኛዋ የሁለት ልጆች እናት ብትሆንም ከተማሪነቷ ጀምሮ ሚጡ የሚባለው ስም አልለቀቃትም። እትዬ ሳህኔ ሚጡ በጣቷ ያሳየቻት መስመር ላይ ፈረመች።

ረፋዱ ላይ እትዬ ሳህኔ የወለዱት ሴቶች ወደሚተኙበት ክፍል ገብታ እንደ ወትሮዋ ሆድ መዳሰስ ጀመረች። የወለደች ሴት ማህፀን እምብርቷ ግድም እንደ ተጨበጠ ቡጢ ጠጥሮ መገኘት አለበት። የልብስ ሰፊዋን ስትነካ እጇ ሰጠመ። አሸችው፤ ጠጠረ። እጇን አንስታ ሁለት ደቂቃ ቆይታ መለሰችው፤ ዳግም እንደ ሊጥ ሆኗል። ደም እንዲይዝ ሥሯ የተደረገላትን ጨርቅ አነሳችው፤ ከሚገባው በላይ ከብዷል። በዓይኗ ሳይሆን በክብደቱ ነው ያወቀችው።

ዶክተሩ ተጠራ። ጎበዝ ነው፤ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቀ። መዝገቡን ገለበጠና የእንግዴ ልጁን ማን እንዳየው ሚጡን ጠየቃት። እትዬ ሳህኔ ናቸው አለችው።

«እሳቸው ሙሉ ነው ካሉ በዚያ በኩል አንጨነቅም» አለ። አልትራሳውንድ ላንሳት ወይ ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ የተጻፈውም ተጽፏል፣ ተወው። ማህፀን የሚያጠብቅ መድኃኒት በግሉኮስ አዘዘላት። ማህፀኑ ጠጠረ፣ ደሙም ቀነሰ።

እትዬ ሳህኔ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ክብሯ ነበር የሚነገረው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠራቀመችው እምነት፣ አሁን አንዲት ሴት መመርመር ሲገባት እንዳትመረመር በሩን ዘግቶ ቆሟል። ከምሳ በኋላ ዶክተሩ የልብስ ሰፊዋን የመውጫ ወረቀት ሲጽፍ አገኘችው፤ ኮሪደሩ ላይ አልጋ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

«ትንሽ ብትቆይስ፣ ዶክተር?»

«ምነው፣ የታየዎት ነገር አለ?»

አፏን ከፈተች። «የለም» አለች። «የታየኝ ነገር የለም።»

ከዚያ ወዲያ እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት ሳታስብ፣ በጓሮ በር ወጥታ ወደ ማቃጠያው አመራች።

ማቃጠያው ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለ ረጅም የጭስ መውጫ ያለው የጡብ ቤት ነው። ሠራተኛውን ጋሼ ጭስ ይሉታል። ዕድሜው ከእሷ እኩል ነው፣ የገባውም እሷ በገባች በዓመቱ ነው። እሳቱን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለኩሳል፤ ስትደርስ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ክዳን የገጠሙ ባልዲዎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል።

«የአራት ቁጥር አልጋን እፈልጋለሁ» አለችው።

«ሰው የጣለውን ሊያስመልስ ሲመጣ ዛሬ ገና አየሁ» አለ ጋሼ ጭስ። ነገር ግን ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ተወና ክዳኖቹን ይከፍት ጀመር። ከስድስቱ ባልዲዎች በሦስተኛው ውስጥ ፋሻው ተገኘ፤ ቁጥሩን ያነበበላት እሱ ነው።

ጓንቷን አጠለቀች። ጋሼ ጭስ ንጹሕ ላስቲክ አነጠፈላት፣ እሷም የእንግዴ ልጁን በመዳፏ ሰበሰበችው። ጉብታው ሁሉ ገጠመ። ከረጢቱን በጣቷ ወጥራ ወደ በሩ ብርሃን ዞረች። ጭጋግ ነው፤ ነጭና ቀይ ጭጋግ። ቀረብ አደረገችው፣ ራቅ አደረገችው። ዘወር ስትል ጋሼ ጭስ ዝም ብሎ ያያታል።

«ጋሼ፣ ዓይንህ እንዴት ነው?»

«የሩቁን እንደ ጭልፊት ነኝ፤ ለቅርቡ ይሄ አለልኝ» አለና በክር ያንጠለጠለውን መነጽር ከደረቱ አነሳ።

«እንግዲያው የምታየውን ንገረኝ።»

ለምን እንዲህ እንደምትለው አልጠየቃትም። መነጽሩን እያደረገ፣ «ስንት ጊዜ በዚህ በር ስታልፊ ሰላም ስልሽ፣ ሰላምታዬን ለባልዲው መልሰሽለት ሄደሻል» አለ። «ኮርታብኝ ነው እያልኩ ተቀይሜሽ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ።»

ጎንበስ አለ። እሷ በጣቷ መንገዱን ትጀምርለታለች፣ እሱ በዓይኑ ይከተላል። ይሄኛው ጠርዝ ሳይደርስ ወደ ሥጋው ገብቷል። ይሄም ገብቷል። ይሄም። እንደ ዛፍ ሥር ነው የሚመስለው፣ ደስ ይላል አለ፤ ይህን ያህል ዘመን ሲያቃጥል አንድ ቀን አስተውሎት አያውቅም። ከዚያ ይበልጥ ጎንበስ አለ።

«ምነው?»

«ይሄኛው አልገባም። ከሥጋው ወጥቶ ወደ ስሱ ከረጢት ሄዷል።»

«እስከ የት?»

«አራት ጣት ያህል። ከዚያ... ቀዳዳ አለ። የልጁ ቀዳዳ አይደለም፣ ያኛው እዚያ ወዲያ ነው። ይሄ ለብቻው ነው፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ ያህል። ደም ሥሩ እዚያ ጠርዝ ላይ ብጥስ ብሏል።» መነጽሩን አስተካከለ። «ሁለት ናቸው እኮ። ሌላኛውም እዚያው ተበጥሷል።»

እትዬ ሳህኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ቅድም አላየሽውም?»

«ፈርሜበታለሁ» አለች።

ጋሼ ጭስ ነገሩ ሁሉ ገባው። ጎኗ ቁጢጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን አለ። እሳቱ ዝግጁ ነው። ሂጂና ሆዷ አላማረኝም፣ ድጋሚ ትታይልኝ በይው፤ አንቺ ያልሽው ነገር መች ወድቆ ያውቃል? ሴትየዋም ትድናለች፣ አንቺም በክብርሽ ትወጪያለሽ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት የሚያውቃትን ሰው ማትረፍ ፈልጎ ነው። እሷም አልተቆጣችውም። እንዲያውም መንገዱን አሰበችበት። አላማረኝም ብትለው ዶክተሩ ወረፋ ያስይዛታል፤ ለነገ፣ ምናልባት ለከነገ ወዲያ። ሙሉ ነው የሚለው ቃል መዝገቡ ላይ እስካለ ድረስ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ያን ቃል ሊያነሳው የሚችለው የፈረመበት ሰው ብቻ ነው።

«ይሄን አታቃጥልብኝ» አለችና መልሳ ባልዲው ውስጥ አድርጋ ይዛው ተነሳች።

ግቢውን አቋርጣ ስትመጣ ልብስ ሰፊዋ ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ባሏ ታክሲ ሊጠራ ወጥቷል፣ አማቷ ሕፃኗን ታቅፈዋል። ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ነው። እትዬ ሳህኔን ስታይ ልትነሳ ሞከረች፣ «ሽርጥዎን ሳልወስደው ልሄድ ነው» ልትል ጀምራ መሃሉ ላይ ቆመች። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጣ። እትዬ ሳህኔ የፊቷን መንጣት አላየችም፤ ጠብ ጠብ የሚለውን ድምፅ ግን ሰማች። ከወንበሩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ።

እትዬ ሳህኔ ስትጮህ መጀመሪያ የደረሰችው ሚጡ ናት፣ ቀጥሎ ዶክተሩ። አልጋ መጣ። ዶክተሩ በአንድ እጁ ሆዷን እየጫነ፣ ይህ ከየት መጣ፣ የቀረ ነገር የለም ተብሎ አልነበረም ወይ እያለ ለራሱ ያጉረመርማል። ሌላ ምክንያት ሊፈልግ ነበር። ማህፀኑ ተቀድዶ ይሆን፣ ደሟ አልረጋ ብሎ ይሆን፤ ያም ፍለጋ ደቂቃ ይበላል።

«ዶክተር፣ ስማኝ» አለች እትዬ ሳህኔ። በሰው ፊት አንተ ብላው አታውቅም። «ሙሉ አልነበረም። ቁራጭ ቀርቷል፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል፣ ይኸው ቀዳዳው። ሳላየው ነው የፈረምኩት። ዓይኔ አያይም።»

አማትየው፣ ዘበኛው፣ ከታክሲው የወረደው ባል፣ ሁሉም ሰሙ። ዶክተሩ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ሌላ ምንም ሳይጠይቅ «ኦፕራሲዮን ክፍል» አለ። አልጋው ሲንከባለል አብራ ልትሄድ አንድ ሁለት እርምጃ ተራመደች፤ ከዚያ ምን ልሠራ ብላ ቆመች። ባልዲውን እንደያዘች ነበር።

ሃምሳ ደቂቃ ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። ባልየው ከፊት ለፊቷ ቆሟል፤ ሊናገራት አፉን ከፍቶ ይተወዋል፣ ከፍቶ ይተወዋል። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። በመጨረሻ በሩ ተከፍቶ ሚጡ ሰፊውን ሳህን ይዛ ወጣች። ውስጡ የሕፃን መዳፍ የሚያህል ጥቁር ቀይ ቁራጭ አለ። ሴትየዋ ሁለት ከረጢት ደም ወስዳለች፣ ማህፀኗ ጨብጧል፣ ትተርፋለች አለች ሚጡ፤ ቀድማ የተናገረችው ለባልየው ነው።

«እትዬ፣ ሳህንዎ» አለች ቀጥላ።

«አንቺ እዪው። ከዚህኛው ጋር አስጠጊውና እዪው።»

ሚጡ ከባልዲው ያወጣችውን የእንግዴ ልጅ ከረጢት ዘርግታ ቁራጩን ቀዳዳው ላይ አኖረችው። የተበጠሱት ሁለት ደም ሥሮች ጫፍ ለጫፍ ገጠሙ። «አሁን ሙሉ ነው» አለች። እትዬ ሳህኔ እንባ አልመጣላትም። ጭንቅላቷን ነቀነቀች ብቻ።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ መቀመጥ ስትችል ልታያት ሄደች። ሴትየዋ አልሰደበቻትም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላለቻትም። ሕፃኗን አጥብታ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት።

«ሚጡ አጠገብዎ ነበረች። እስቲ አንቺም እዪልኝ ማለት ምን ይከብድ ነበር?»

ሰው የሚወድቅበት ነገር ብዙ ጊዜ ከባድ አይደለም፤ ሦስት ቃል ነው፣ ግን ሦስቱን ቃል ለማለት ሌላ ሰው መሆን ይጠይቃል።

«ሽርጥዎን አምጡት፣ ብያለሁ እሰፋዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ከእንግዲህ አልለብሰውም።»

«እንግዲያው ለሚለብሰው እሰፋዋለሁ።»

ዶክተሩ ለኃላፊዎቹ የሚቀርበውን ወረቀት ሲሞላ ሊያግዛት ሞከረ። «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ብዬ ልጻፍልዎት አላት፤ ሴትየዋን ያተረፏት እርስዎ ነዎት እኮ አለ። እሷ ግን ይህን ምስጋና መቀበል አልቻለችም። የራሷን እሳት ለማጥፋት መሮጥ ምን ያስመሰግናል? ማየት የደከመኝ ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ በዳሰሳ ብቻ መፈረም የጀመርኩት ከአሥራ አራት ወር ወዲህ ነው፣ እንደሱ አድርገህ ጻፍልኝ አለችው። ጻፈ። ከማዋለጃ ክፍል ተነሳች። ልጇም በዚያው ሳምንት የዓይን ወረፋ አስያዘችላት፤ አሁን እሺታዋ እሺታ ነበር።

ነገር ግን ከዚያ በፊት አንድ ሥራ ቀርቷት ነበር። አሥራ አራት ወር ስንት ሳህን ነው? ሚጡ መዝገቦቹን አውጥታ ቆጠረችው። እትዬ ሳህኔ ለብቻዋ አይታ ሙሉ ነው ያለችባቸው ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ናቸው። ከነዚህ አብዛኛዎቹ በእርግጥም ሙሉ ነበሩ፤ ደሴት ያለው የእንግዴ ልጅ ከስንት አንድ ነው። ደግሞ የቀረባት ሴት ብትኖር ኖሮ ደምታ እዚሁ ትመለስ ነበር አለች ሚጡ። እትዬ ሳህኔ ራሷን ነቀነቀች። እዚህ የምትመለሰው ቅርብ የምትኖረው ናት። የሩቋ ያገኘችው ጋ ትሄዳለች፤ ወይም አትሄድም። ያን ደግሞ ይሄ መዝገብ አይነግረንም።

ስለዚህ በምሳ ሰዓት፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ሚጡ የስልክ ቁጥሩን ታነባለች፣ ትደውላለች፣ ስልኩን ለእትዬ ሳህኔ ታቀብላለች። የመጀመሪያዋ ሴት ደኅና ነች፤ ልጁ ጥርስ አብቅሏል፣ ምነው በሰላም ነው የደወላችሁት አለች። ሁለተኛዋም ደኅና ነች፤ ሥራ ላይ ነኝ ብላ ዘጋች። ሦስተኛዋ ከወለደች በኋላ አንድ ወር ሙሉ ስትደማ ቆይታ በሌላ ሐኪም ተጠርጋ እንደነበር ነገረቻት፤ ምን እንደነበር ግን አልነገሯትም። እትዬ ሳህኔ ምን እንደነበር ነገረቻት። መስመሩ ተቋረጠ፤ ሴትየዋ ትዝጋው ወይም በራሱ ይቋረጥ አልታወቀም።

«እትዬ፣ ይበቃናል ለዛሬ» አለች ሚጡ።

«ቀጣይዋ ማናት?»

ሚጡ ቁጥሩን መታች። ጠበቀች። ደግማ መታች። ስልኩ አገልግሎት አይሰጥም ይላል። አድራሻው ላይ የሠፈሩ ስም እንጂ ሌላ የለም። ብዕሩን አንስታ መስመሩን ልትሰርዘውና ወደሚቀጥለው ልትሄድ ነበር። እትዬ ሳህኔ ብዕሩን አላየችውም፤ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ነው የሰማችው። እጇን ዘርግታ የሚጡን አንጓ ያዘች።

«አትሰርዢው» አለች። «ክፍቱን ተዪው። አላየናትም።»